ዊንዶውስና ኡቡንቱ በየራሳቸው ዲስክ፦ ችግሮችና መፍትሄዎች

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቆመ፣ ወደ ዊንዶውስ 11 ማደግ የማይችል ኮምፒውተር ያለው የድሬዳዋ ነዋሪ በከተማዋ ካለው ታይዋን ገበያ ተጨማሪ ኤስኤስዲ (ፈጣን የዲስክ ዓይነት) ገዝቶ ነጻውን ስርዓተ ክወና ኡቡንቱን በእሱ ላይ ቢጭን ተገቢ ምርጫ ነው። የሁለት ዲስክ ዋና ጥቅሙ አንዱ ቢሞት ሌላው ሳይነካ መነሳቱ ነው፤ የመጀመሪያው ችግር ግን ይህንኑ ጥቅም ስለሚያሳጣ በሰፊው መታየት አለበት።

የዊንዶውሱ ዲስክ ሲነቀል ኡቡንቱም አይነሳም

በዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው አዲሱ የማዘርቦርድ ፕሮግራም) በሚሠሩ ኮምፒውተሮች የማስነሻው ፋይል የሚቀመጠው ኢኤፍአይ በተባለ ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ውስጥ ነው። ሥሪት 22.04ን ጨምሮ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው የኡቡንቱ ጫኝ፣ ሁለተኛውን ዲስክ ቢመርጡለትም፣ የማስነሻውን ፋይል መጀመሪያ ባገኘው የኢኤፍአይ ፓርቲሽን፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ በዊንዶውሱ ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ይህም ቤቱ ከዚራ ሆኖ ቁልፉ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ እንደ መቅረቱ ነው።

አስተማማኙ መፍትሄ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ከመብራት ነቅሎ፣ የዊንዶውሱን ዲስክ ኬብል ማላቀቅና አዲሱ ዲስክ ብቻውን እያለ ኡቡንቱን መጫን ነው። ከዚያ የተነቀለውን መልሰው ይሰኩና ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ 12ን ወይም ኤፍ 9ን (እንደ ኮምፒውተሩ ሥሪት ይለያያል) ተጭነው የሚፈልጉትን ይመርጣሉ። ቀድሞ የተጫነ ከሆነም ፋይሎችዎን በሌላ ቦታ አስቀምጠው በዚሁ መንገድ እንደገና መጫን፣ የማስነሻውን ፋይል በትእዛዝ ከማዘዋወር ይልቅ ለጀማሪ ይቀላል ብዬ አምናለሁ። ዊንዶውሱ በቢትሎከር (ዲስኩን በሚስጥር የሚቆልፈው የዊንዶውስ አሠራር) የተቆለፈ ከሆነ ግን ባዮሱን (የማዘርቦርዱን ማስተካከያ ገጽ) ከመንካትዎ በፊት 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ መጻፍዎን ያረጋግጡ፤ ያለ እሱ ፋይሎችዎ ላይመለሱ ይችላሉ።

በኡቡንቱ የማስነሻ ዝርዝር ውስጥ ዊንዶውስ አይታይም

የማስነሻ ዝርዝሩን ከሚያሳየው ፕሮግራም ከግሩብ ሥሪት 2.06 ጀምሮ ሌሎች ስርዓተ ክወናዎችን የሚፈልገው ክፍል በነባሪነት ተዘግቷል። ዊንዶውሱ አልጠፋም፤ ከላይ በተጠቀሰው ቁልፍ ሊመርጡት ይችላሉ።

ከኡቡንቱ ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል

ኡቡንቱ በማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት እንደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ሲቆጥረው ዊንዶውስ ደግሞ እንደ አካባቢው ሰዓት ያነበዋል፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በ3 ስለሚቀድም ልዩነቱ ከዚህ ይመጣል። ልዩነቱ 6 ሰዓት ከሆነ ግን ያዩት የእኛንና የፈረንጁን አቆጣጠር ልዩነት እንጂ ብልሽት አይደለም። በኡቡንቱ ተርሚናል ታይምዴትሲቲኤል የተባለውን ትእዛዝ «ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» ከሚለው አማራጭ ጋር (timedatectl set-local-rtc 1 ብሎ) ማስፈጸም ሁለቱን ያስማማል።

የዊንዶውሱ ፋይሎች በኡቡንቱ ይነበባሉ እንጂ አይጻፍባቸውም

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስ ፋስት ስታርትአፕ (ፈጣን አነሳስ) ሲሆን፣ ይህ አሠራር ኮምፒውተሩ የጠፋ ቢመስልም ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አይለቀውም። በኮንትሮል ፓነል ውስጥ ከፓወር ኦፕሽንስ ያጥፉት፤ ሳያጠፉት በግድ ለመጻፍ መሞከር ፋይል ሊያበላሽ ይችላል።

መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር የማስነሻው ቅደም ተከተል ይቀየራል

ቀኑም አብሮ ዓመታት ወደኋላ ከተመለሰ ሲአር 2032 የተባለችው የማዘርቦርድ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ባትሪዋን ከቀየሩ በኋላ ባዮስ ውስጥ ገብተው ቀኑን፣ ቅደም ተከተሉንና የሳታውን (የዲስኩን ማገናኛ) አሠራር እንደ ቀድሞው ያስተካክሉ፤ የሳታው አሠራር ከተቀየረ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ሊቆም ይችላልና።