ስለ ደሴ ዊኪፔዲያ ላይ ልትጽፉ ነው?

ስለ ጦሳ ተራራ ወይም ስለ አይጠየፍ አዳራሽ አማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ ልትጨምሩ ካሰባችሁ፣ ከመጽሐፍ ገልብጣችሁ አትለጥፉ። ምንጭ ብትጠቅሱም አያድናችሁም። እኔ አንዴ ሁለት አንቀጽ እንዳለ ገልብጬ፣ የመጽሐፉን ስም ከታች ጻፍኩ። ቡናዬን ሳልጨርስ ተሰረዘ! በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። አንብቡ፣ መጽሐፉን ክደኑ፣ በራሳችሁ ቃል ጻፉ፤ ከዚያ ምንጩን ጥቀሱ።

ፎቶም ያው ነው። ከፌስቡክ ከማውረድ ይልቅ ወጣ ብላችሁ ራሳችሁ አንሱ።

ሰው የጻፋችሁትን ቢቀይርባችሁ ደግሞ ቶሎ ወደ ነበረበት አትመልሱት። «ውይይት» የሚለውን ገጽ ክፈቱና ለምን እንደቀየረው በጨዋ ደንብ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ስመልስ፣ እሱም ሲመልስ፣ ስንጓተት አመሸን። ለካ ጥፋቱ የኔ ነው፤ የፈረንጁን ዓመት ከሐበሻው ቀላቅዬዋለሁ።