በባለሦስት ፌዝ የሙከራ ጠረጴዛ ላይ የኃይል መለኪያ ሲሳሳት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ሞተር የሚጠቀልል ወርክሾፕ የሥራውን ጥራት የሚያረጋግጠው በሙከራ ጠረጴዛው ላይ በሚያነበው አምፔርና ዋት ነው። ለዚህ ሥራ ርካሽ መለኪያ ይበቃል። የተሳሳተ ንባብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከመለኪያው ዋጋ ሳይሆን ከሲቲው (በገመዱ የሚያልፈውን ከረንት አሳንሶ ለመለኪያው የሚሰጠው ትራንስፎርመር) ምርጫና ከአገጣጠሙ ስለሆነ፣ ሌላ መለኪያ ከመግዛት በፊት ስህተቱ ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት ይገባል።

ምልክት፦ ሦስቱም ፌዞች እኩል ከረንት እያሳዩ ጠቅላላው ኃይል የሚጠበቀውን ሲሶ ብቻ ይሆናል።

መንስኤው ከሦስቱ ሲቲዎች አንዱ ተገልብጦ መግባቱ ነው፤ የእርሱ ኃይል በኔጌቲቭ ስለሚቆጠር የሌላውን ያጣፋና የአንድ ፌዝ ኃይል ብቻ ይቀራል። ብሬከሩን አጥፍቶ የዚያን ሲቲ ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር ይበቃል። ጠቅላላው ወደ ዜሮ ከተጠጋ ግን የሁለት ፌዞች ሲቲዎች ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ወዲያው የሚያጋልጠው የእያንዳንዱን ፌዝ ዋት ከፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ምልክቱ ጋር ለብቻ የሚያሳይ መለኪያ በመሆኑ፣ ድምሩን ብቻ የሚሰጠውን በርካሽነቱ አልገዛውም። ባለ 5 አምፔር ሲቲ በውስጡ ከረንት እያለፈ ሽቦው ከመለኪያው ፈጽሞ መነቀል የለበትም፤ ጫፉ ላይ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ሊፈጠር ይችላል።

ምልክት፦ ሞተሩ ሲጫን ንባቡ ልክ ነው፤ ያለ ጭነት ሲዞር ግን ዋቱ አይታመንም።

ባለ 4 ኪሎዋት ሞተር በ380 ቮልት ሲጫን 8 አምፔር ገደማ፣ ያለ ጭነት ደግሞ 3.5 አምፔር ያህል ሊወስድ ይችላል፤ በዚህን ጊዜ ፓወር ፋክተሩ (እውነተኛው ኃይል ከቮልቴጅና ከረንት ብዜት ምን ያህሉ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) ወደ 0.15 ይወርዳል። ሲቲው የከረንቱን ማዕዘን፣ ማለትም የከረንቱ ሞገድ ከቮልቴጁ ሞገድ የሚቀድምበትን ወይም የሚዘገይበትን መጠን፣ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢያዛባ፣ ፓወር ፋክተሩ 0.85 ሲሆን ስህተቱ 1 በመቶ አካባቢ ነው፤ በ0.15 ግን ከ11 በመቶ ያልፋል። ሲቲው ባለ 100 አምፔር ከሆነ ችግሩ ይብሳል፤ የሚያልፍበት ከረንት የአቅሙ 3.5 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ የትክክለኛነት ደረጃው 0.5 የሆነ ተራ የመለኪያ ሲቲ ትክክለኛነቱ የሚረጋገጥለት ከ5 በመቶ ጀምሮ ነው።

መፍትሔው የሞተሩን ገመድ በሲቲው ቀዳዳ ውስጥ 5 ጊዜ ማሳለፍ ነው፤ 100/5 የነበረው (100 አምፔርን ወደ 5 አምፔር የሚያሳንሰው) እንደ 20/5 ይሠራል። ስለዚህም የሲቲ ሬሾ በእጅ የሚስተካከልበት መለኪያ ይመረጣል፤ የማይስተካከል ከሆነ ንባቡን ለ5 ማካፈል ነው።

ብዙዎች መለኪያቸውን በእንጀራ ምጣድ ይፈትሻሉ። የምጣድ ፓወር ፋክተር 1 ስለሚጠጋ ፍተሻው የከረንቱን መጠን ያረጋግጣል፤ የማዕዘኑን ስህተት ግን ጨርሶ ይሸሽጋል። ይህን የሚያወጣው ባለ 450 ቮልት፣ 50 ማይክሮፋራድ የሞተር ካፓሲተር ነው፤ የሚያስነሣው ዓይነት ሳይሆን ሁልጊዜ መስመር ላይ የሚቆየው መሆን አለበት። በ220 ቮልት 3.5 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ የሚያጠፋው እውነተኛ ኃይል ግን ጥቂት ዋት ብቻ ነው። መለኪያው 15 ወይም 20 ዋት ካሳየ፣ ወይም ኔጌቲቭ ውስጥ ከገባ፣ ማዕዘኑ ተዛብቷል። ካፓሲተሩ ከመነካቱ በፊት በሬዚስተር ይራገፍ።

ምልክት፦ ባለ አንድ ፌዝ ርካሽ የመለኪያ ሞጁሎች ይቃጠላሉ።

ፒዜም 004ቲ የተባለው ሞጁል የሚችለው እስከ 260 ቮልት ነው። በሁለት ፌዞች መካከል ከተገጠመ 380 ቮልት ያገኘዋል፤ ኒውትራሉ የላላ እንደሆነም ቮልቴጁ በአንደኛው ፌዝ ላይ ከልክ በላይ ይወጣል። ለሦስቱ ፌዞች የሚሆኑት ሦስቱም ሞጁሎች ከየፌዛቸው ወደ ኒውትራል ይገጠሙ፤ የኒውትራሉ ብሎንም ይጥበቅ። አንድ የመረጃ መስመር የሚጋሩ ከሆነም መጀመሪያ ለየብቻቸው የተለያየ አድራሻ ካልተሰጣቸው ንባባቸው ይምታታል።

ምልክት፦ ከኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ) በኋላ የሚነበበው ቮልቴጅና ኃይል ትርጉም ያጣል።

ኢንቨርተሩ የሚያወጣው በኪሎኸርትዝ ፍጥነት የሚቆራረጥ ቮልቴጅ እንጂ የ50 ኸርትዝ ሳይን ሞገድ አይደለም፤ ለመብራት መስመር የተሠራ መለኪያም አይከተለውም። መለኪያው ከኢንቨርተሩ በፊት ይተከል፤ ያኔ የሚነበበው ዋት የኢንቨርተሩን የራሱን ብክነት ጭምር ይይዛል።