ዘይት የምትወልደው መኪና፦ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር እንዴት ይታወቃል?

መኪናዬ ዘይት አትበላም እያልኩ ስኮራ ከረምኩ። አንድ ቀን የዘይት መለኪያውን ስመዘው ከላይኛው ምልክት አልፏል። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ወደሚሠራ መካኒክ ወሰድኳት። ዘንጉን አሸተተና ሳቀብኝ። የድሬ ልጅ አንቱታ አያውቅም። «አቦ፣ ዘይት የምትወልድ መኪና ነው እንዴ ያለህ? ይሄ እኮ ቤንዚን ነው!» ከእሱ በፊት ሌላ ጋራዥ አንድ ባትሪና አራት ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው) አስቀይሮኛል። ጥፋቱ ግን የአንድ ኢንጀክተር ነበር።

ኢንጀክተር ነዳጁን እንደ ጉም ረጭቶ ወዲያው ጥርቅም ማለት አለበት። ጫፉ ቆሻሻ ሲይዝ ወይም ሲበላ ግን አይገጥምም። ነዳጁ ጠብ ጠብ ይላል። ያልነደደው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ያጥብና በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ይቀጥናል። ብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) የሚበላው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ዘይቱን እዩ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ መለኪያውን ምዘዙ። ሳትጨምሩበት ከፍ ብሏል? ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል? ሁለቱም ካሉ መኪናውን አቁሙት። እግረ መንገዳችሁን ኢንጀክተሮቹ የተሰኩበትን ቦታ እዩ። እዚያ እርጥበት ካለ ኦሪንጉ (ማሸጊያው የጎማ ቀለበት) አልቋል ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ለሞተሩ ብቻ ሳይሆን ለእሳትም ያሰጋል።

ዘይቱ ደህና ከሆነ ቀጥሎ የሙቅ አነሳስ። ነድታችሁ ስትመለሱ ሞተሩን አጥፉና ከዚራ ሰፈር ካለ የዛፍ ጥላ ሥር 20 ደቂቃ ያህል አቁሙት። እኛ አገር ሁሉም ነገር በሙቀቱ ይሳበባል፤ እዚህ ላይ ግን ሙቀቱ ምስክር ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ነዳጁ ቧንቧው ውስጥ እንደታፈነ ይሞቃል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ደካማው ኢንጀክተርም ያንጠባጥባል። ስታስነሱት ብዙ ከለፋ፣ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጣችሁ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) አዙሩ። ብዙ የቤንዚን ኢንጀክሽን መኪኖች እንዲህ ሲደረግ ነዳጁን ይቆርጣሉ። በዚህ ጊዜ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ከተነሳ ነዳጅ በዝቶበት ነበር።

ሦስተኛ፣ ካንዴላዎቹን ፍቱና በሲሊንደራቸው ቅደም ተከተል ደርድሯቸው። የእኔ ሦስቱ ቡናማ፣ አንዷ ከሰል መስላ እርጥብ ነበረች። እንዲህ ከሆነ ጥርጣሬው የዚያ ሲሊንደር ኢንጀክተር ላይ ነው። አራቱም ከጠቆሩ ግን ኢንጀክተር ለመግዛት አትቸኩሉ። ሴንሰር ሊሆን ይችላል። የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያውም ሊቀደድ ይችላል፤ ወደ እሱ የሚሄደውን ቀጭን የአየር ጎማ ንቀሉ፣ ውስጡ ቤንዚን ካለ ሌባው ተገኘ።

አራተኛው ጋራዥ ይፈልጋል። የነዳጅ ግፊት መለኪያ ይገጠማል። ብዙ ቶዮታዎች 3 ባር አካባቢ ነው የሚያሳዩት። ሞተሩ ሲጠፋ መርፌው ቶሎ ከወረደ የሆነ ቦታ ይፈስሳል ማለት ነው። ግን የት? ቤንዚን ፖምፓው ውስጥ ያለው ቫልቭም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከታንከሩ የሚመጣው ጎማ ይታነቅ፤ የመመለሻ መስመር ካለም እሱም። ያም ሆኖ ግፊቱ ከወረደ ኢንጀክተሮቹ ናቸው። ይሄን ሳያደርግ «አራቱንም እንቀይር» የሚላችሁን አትስሙ።

መጨረሻው ማረጋገጫ ኢንጀክተሮቹን ከነቧንቧቸው አውጥቶ፣ ግፊት ሰጥቶ፣ ከሥራቸው ደረቅ ካርቶን አድርጎ ማየት ነው። ካርቶኑ ላይ ጠብታ የጣለው ኢንጀክተር ይቀየራል ወይም ይታጠባል። እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን። በበርጫ ሰዓት አትሞክሩት፤ ሲጋራ የለኮሰ ጓደኛ መምጣቱ አይቀርም።

የናፍጣዎቹ ጠባይ ሌላ ነው። ዶልፊን ሚኒባስ ወይም አይሱዙ ኖዝሉ (የኢንጀክተሩ ጫፍ) ሲያንጠባጥብ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ጠዋት ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ወደ ሐረር የሚያስወጣውን የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ከኋላው ያለውን ሰው በጥቁር ጭስ ያለብሳል። ጠብታው አንድ ቦታ ላይ እየነደደ የፒስተኑን ራስ ይበሳል። በድሮው ፖምፓ የሚሠራ ከሆነ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (የነዳጅ ፔዳል ሳይረገጥ) እየሠራ መካኒኩ የኖዝሎቹን ቧንቧ አንድ በአንድ ያላላል። የትኛው ሲላላ መንኳኳቱ ከጠፋ እሱ ነው። ኮመን ሬይል (በኮምፒውተር የሚታዘዘው አዲሱ የናፍጣ አሠራር) ላይ ግን ይሄ በፍጹም አይሞከር። ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ስለሚሆን ነዳጁ ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ የመርፌ ያህል ቢመስልም ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ለእነሱ ፖምፓ ቤት ያለው የኖዝል ማሽን ነው ዳኛው።

ሞተሩ ሊነሳ ሲል ድንገት ቀጥ ካለ ደጋግማችሁ አታዙሩ። ሲሊንደር ውስጥ ነዳጅ ሞልቶ ከሆነ ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይጣመማል። ካንዴላ አውጡ፣ ሞተሩን በእጅ አዙሩ፣ ይውጣለት።

ከጥገናው በኋላ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ፤ ብዙ ሰው ይሄን ይረሳል። ኦሪንግ አዲስ፣ በዘይት ረጠብ ተደርጎ ይግባ። የናፍጣ ኖዝል የመዳብ ዋሸርም አሮጌው አይመለስ። የመንገድ ዳር የጀሪካን ቤንዚን ውሃና አቧራ አያጣም፤ ግድ ሆኖባችሁ ከቀዳችሁ የነዳጅ ፊልትሮውን ቶሎ ቀይሩ።

የእኔዋ አንድ ኢንጀክተር ተቀየረላት። አሁን በየወሩ ትንሽ ዘይት ትጎድላለች፣ እኔም ደስ ይለኛል። መካኒኩ ግን መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር አይለቀኝም፦ «ዛሬስ ስንት ወለደች?»