ለትንሿ የጽሑፍ ስክሪን የዩኤስቢ ማገናኛ በርካሽ እንዴት እንደሚሰራ

16 ፊደል በ2 መስመር የምታሳየውን ስክሪን ከኮምፒውተር ጋር ለማገናኘት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ኤልሲዲ2ዩኤስቢ የተባለው ፕሮጀክት ንድፉንም ፕሮግራሙንም ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። የዩኤስቢውን ሥራ ኤቲሜጋ8 የምትባለው ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ ቺፕ ራሷ በፕሮግራም ትሠራዋለች።

ስክሪኗ ኤችዲ44780 በሚባለው መቆጣጠሪያ የምትሠራ ትሁን። ሌላው ጥቃቅን ነው፦ የቺፗን ፍጥነት የሚወስን ክሪስታል፣ ሁለት ባለ 68 ኦም እና አንድ ባለ 1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ሁለት ባለ 3.6 ቮልት፣ ባለ ግማሽ ዋት ዜነር ዳዮድ፣ ባለ 10 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (እየተዞረ የሚስተካከል ሬዚስተር)። ኬብሉን ከተበላሸ ማውዝ ቁረጡ። ቀዩ 5 ቮልት፣ ጥቁሩ ግራውንድ፣ አረንጓዴውና ነጩ የዳታ መስመሮች ናቸው፣ አረንጓዴው ዲ ፕላስ፣ ነጩ ዲ ማይነስ፤ ግን ቀለሙን አትመኑ፣ በመልቲሜትር አረጋግጡ።

ዋናው ጣጣ ዜነሩ ላይ ነው። ቺፗ በ5 ቮልት ትሠራለች፣ የዩኤስቢ ዳታ መስመር ግን ከ3.6 ቮልት እንዲያልፍ አይፈቀድም። ትርፉን የሚቆርጡት ሁለቱ ዜነሮች ናቸው። እኔ ስገዛ ሻጩ ግማሽ ዋቱ አልቆበት ነበርና «ይሄ ይሻላል፣ አይቃጠልም» ብሎ ባለ 1.3 ዋት ሰጠኝ። ኮምፒውተሩ «ዕቃውን አላወቅሁትም» እያለ ሁለት ሳምንት አደከመኝ። ብየዳውን ሁሉ ፈታሁ፣ ቺፕ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም።

ለካ ትልቅ ዜነር በውስጡ ብዙ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) አለው። በሰከንድ 1.5 ሚሊዮን ቢት የሚሮጠውን ምልክት ጠርዙን ያደበዝዘዋል። በግማሽ ዋት በቀየርኳቸው ቀን ወዲያው ሠራ። ግማሽ ዋት ካጣችሁ ጠብቁ እንጂ ትልቁን አትግዙ። ባለ 1.5 ኪሎ ኦሙ ደግሞ ከዲ ማይነስ ጋር ይያያዝ፤ ዲ ፕላስ ላይ ከገባ ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን ይሳሳታል።

ፕሮግራሙን ከመጫናችሁ በፊት የቺፗን ፊውዝ (የሚቃጠለው ፊውዝ ሳይሆን በውስጧ ያለ የአሠራር ቅንብር ነው) ወደ ውጭ ክሪስታል ቀይሩ፤ ከፋብሪካ ስትወጣ በራሷ 1 ሜጋኸርዝ ነው የምትሠራው። የፊውዙን ቁጥር ሁለቴ አንብቡ፣ ከተሳሳተ ቺፗ ለፕሮግራመሩ፣ ፕሮግራሙን ለሚጭንባት ዕቃ፣ እንኳ መልስ አትሰጥም።

ስክሪኑ ባዶ ከሆነ አትደንግጡ፣ 3ኛው እግር ላይ ያለውን ፖቴንሽዮሜትር አዙሩ። የላይኛው መስመር ጥቁር ሳጥን ብቻ ካሳየ ግን ኤሌክትሪኩ ደርሷል፣ ትዕዛዙ አልደረሰም፤ የዳታ ሽቦዎቹን ፈትሹ። ሊኑክስ ላይ ጽሑፍ ወደ ስክሪኗ የሚልከውን ኤልሲዲፕሮክ የተባለ ፕሮግራም ጭናችሁ የግንኙነቱን ዓይነት ኤልሲዲ2ዩኤስቢ በሉት።

የኛ ፊደል በስክሪኗ ውስጥ የለም። የራሳችሁን ፕሮግራም ከጻፋችሁ ግን በአንድ ጊዜ 8 ፊደል በ5 በ8 ነጥብ መሳል ትችላላችሁ፤ «ሰላም» ሦስቱን ይወስዳል። የ«ም» ሁለት ክቦች በ5 ነጥብ ስፋት አይገቡም ብዬ ነበር፤ የመሃሉን ግድግዳ ሲጋሩ ልክክ ብለው ገቡ።