ካምቢዮውን ከመውቀሳችሁ በፊት ካቴናውን እዩ

አርጎ የሚባለውን ዕቃ ጋራዤ ያመጡት ሐይቅ ከተማ አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በአይሱዙ አስጭነው፣ በገመድ ጠፍረው፣ ደሴ ድረስ። ስድስት ጎማ አለው፣ ቦዲው ፕላስቲክ ነው፣ መሪ የለውም። በመሪ ፋንታ ሁለት ማንሻ አለው። በየብስም በውሃም ይሄዳል። ድሮ ለሥራ የመጣ ነው፤ እሳቸው በጨረታ ገዝተውት ዓመታት ሙሉ ዶሮ ሲያድርበት ኖሯል።

"ካምቢዮው ሞቷል ብለውኛል" አሉኝ።

"አብሽሩ ጋሼ፣ መጀመሪያ እንየው።"

ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ አልሞተም ነበር። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ግቢው ውስጥ የቆመበት ሰው ካለ፣ እንደሳቸው ሳይሸወድ ይቺን ያንብብ።

አርጎ ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሚሠራ ነው። አሠራሩ ከላንድክሩዘር ይቀላል። ሞተሩ ካምቢዮውን በቺንጋ ያዞራል። ከካምቢዮው ጉልበት ግራና ቀኝ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ክሮቼራ (የዘንግ መገጣጠሚያ) የለም፣ ባሌስትራ (የጎማ ሞላ) የለም፤ ያለው ካቴና፣ ሰንሰለት ማለት፣ ነው። በአንድ ጎን ያሉት ሦስት ጎማዎች በካቴና ተሳስረዋል። አንዱ ከዞረ ሦስቱም ይዞራሉ፤ አንዱ ከታነቀ ሦስቱም ይታነቃሉ። የግራውን ማንሻ ስትስቡ የግራው ፍሬን ይይዛል፣ ዲፈረንሻሉ ቀኙን ያፈጥነዋል፣ ዕቃው ወደ ግራ ይታጠፋል።

ስለዚህ ማንሻ ሳትነኩ ወደ አንድ ወገን የሚስብ ከሆነ፣ በዚያ ወገን የያዘው ነገር አለ። የጋሼ ዕቃ ወደ ግራ ይስብ ነበር። ይንኳኳልም። ማንኳኳቱን የሰማ ሁሉ ካምቢዮ ይላል፤ ድምፁ ከመሃል የሚመጣ ስለሚመስል ነው። ባዶ ፕላስቲክ ቦዲ እንደ ከበሮ ነው፣ ጥግ ላይ የተመታውን መሃል ላይ ያሰማል።

መጀመሪያ ሞተሩ በድንገት እንዳይነሳ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። ጣትና ካቴና አይስማሙም። ክሪኩን ከፍሬሙ ሥር እንጂ ከፕላስቲኩ ሥር አታሳርፉ። ዕቃው ከተነሳ በኋላ ግንድ አስደግፉት፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። እያንዳንዱን ጎማ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተወዛወዘ ኩሽኔታው፣ አክስሉ የሚዞርበት ባለኳስ ቀለበት፣ አልቋል። ቀጥሎ የግራዎቹን በእጅ አዙሩ፣ የቀኞቹን አዙሩ፣ አወዳድሩ። የከበደው ወገን ላይ ካቴናውን አውልቁና አክስሎቹን አንድ በአንድ ለየብቻ አዙሩ። ጥፋተኛው ያኔ ራሱ ይናገራል።

የኛው ጥፋተኛ የግራ የፊተኛው ኩሽኔታ ነበር። ስፈታው ግራሶ የለም። የወጣው ቀይ ውሃ ነው፣ ከሥሩ የሐይቁ ደቃቅ አሸዋና የደረቀ አልጌ። ከኳሶቹ ሁለቱ ግማሽ ጎናቸው ተበልቶ ሽንብራ መስለዋል። ፓራሊዮው፣ ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት፣ እንደ ቆሎ ደርቆ በእጄ ተሰባበረ። ውሃ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ላይ ግራሶ ለማለስለስ ብቻ አይደለም፤ ውሃውን የሚያግደው እሱ ነው። በፓምፕ ግቡበት፣ አሮጌው በጠርዙ ተገፍቶ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ።

ዝጎ የተጣበቀ ኩሽኔታ በእሳት አታሙቁ። ሌላ መኪና ላይ ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ እዚህ ግን ጎኑ ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ጀልባችሁ ወንፊት ይሆናል። እኔ ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅዬ ሌሊቱን አሳደርኩበት። ጠዋት በእንጨት አስደግፌ በመዶሻ ነካ ነካ ሳደርገው ለቀቀ። የአክስሉን ጫፍ በቀጥታ ከመታችሁት ጫፉ ያብጣል፣ ከዚያ አዲሱ አይገባም። ለአዲሱ የሞዴል ስም አያስፈልጋችሁም፤ ቁጥሩ አሮጌው ጠርዝ ላይ ተቀርጿል፣ እሱን ይዛችሁ ኩሽኔታ ሻጭ ጋ ሂዱ።

አሁን ካቴናው። የኛው ላይ 50 የሚል ቁጥር ነበር። 5ቱ የሚነግረን ከፒን ፒን ያለው ርቀት አምስት ስምንተኛ ኢንች መሆኑን ነው፣ 15.875 ሚሊሜትር። ከፒን ፒን ሃያ ቆጥራችሁ ወጥራችሁ ለኩ፤ አዲስ ከሆነ 317.5 ሚሊሜትር ይመጣል። ከ324 ካለፈ ጣሉት። የጋሼ ካቴና 329 ነበር! ያ ማንኳኳት ካቴናው ጥርስ ላይ ሲዘል የሚያሰማው ነው። ስፕሮኬቱንም፣ ካቴናው የሚዞርበትን ባለጥርስ ክብ፣ እዩ፤ ጥርሱ እንደ ማጭድ ከጎበጠ አብሮ ይቀየር፣ አለዚያ አዲሱን ካቴና በአጭር ጊዜ ይበላዋል።

በየሱቁ የሚሸጠው የትናንሽ ሞተር ሳይክል ካቴና 428 ነው፤ አይገባም፣ ጥርሱ አይገጥምም። የትልልቆቹ ሞተር ሳይክል 530 ግን የ50ን ልክ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ወርጄ የማሽን ዕቃ ከሚሸጡ ዘንድ 50ውን ራሱን አገኘሁ። ሲገጠም የማያያዣው ክሊፕ ዝግ ጫፍ ወደ ጉዞው አቅጣጫ ይሁን። ክሊፑን ስትገፉት ደግሞ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፉ። የኔው ተፈናጥሮ ቦዲው ውስጥ ገባና ግማሽ ቀን በላኝ። በመጨረሻ ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር ያወጣሁት ማግኔት በክር ታስሮ አወጣው። ካቴናውን መሃል ላይ በጣት ስትጫኑት ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲሜትር ቢወርድ ይበቃል። በጣም የተወጠረ ካቴና ኩሽኔታ ገዳይ ነው።

ስለ ቺንጋው አንድ ነገር ብቻ፣ እሱም በራሴ የደረሰ። የወፍጮ ቤት ቺንጋ በርዝመት ገጠመልኝና ደስ አለኝ። ከጋራዡ በር ሳልርቅ ጭሱ ተነሳ፣ ሠፈሩ ጎማ ጎማ ሸተተ። ይኼኛው ቺንጋ የሚሠራው ፑሊዎቹ እየጠበቡና እየሰፉ ስለሆነ፣ የወርዱና የጎኑ ልክ የራሱ ነው። ትክክለኛው ከውጭ እስኪመጣ ጠበቅን። ፑሊው ላይ ዘይት እንዳይነካው፤ በንጹሕ ጨርቅና በትንሽ ቤንዚን ጥረጉት።

ሙከራው ሐይቅ ላይ ነበር። ሐይቁ እስከ 88 ሜትር ይጠልቃል፣ ስለዚህ ወገብ ከሚደርስ ውሃ አላለፍንም። በውሃ ላይ የሚቀዝፉት እነዚያው ጎማዎች ናቸው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ሰው በእግሩ እንደሚሄደው። ወደ ግራ አልሳበም። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ግን እግሬን በረደኝ። ወደ ታች ሳይ ውሃ! የማፍሰሻውን ቡሽ ጋራዥ ጠረጴዛ ላይ ረስቼዋለሁ። ዳር ላይ የቆሙት ልጆች ሳቃቸው እስከ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሳይሰማ አልቀረም።

ጎትተን አወጣነው። ውሃው በዚያው ቀዳዳ ፈሰሰ፣ ካቴናዎቹን አድርቄ ዘይት ቀባኋቸው፤ ከውሃ በወጣችሁ ቁጥር ይኼንን አድርጉ። ጋሼ በጨርቅ እየጠረጉ ቀና ብለው አዩኝ።

"ካምቢዮውስ ደህና ነው?"

"ደህና ነው ጋሼ። ቡሹን ነው የረሳሁት።"