«ደካማ ቡድኖች ይፍረሱ» ከማለታችን በፊት፦ በኤንቢኤ ክርክር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ቅርጫት ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል። አንደኛው ሪንግ መረብ ካጣ ቆየ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ላይ ሳይነሳ እንሰባሰባለን። አብዛኛው የኤንቢኤ (የአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ጨዋታ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 8 እና 9 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር በቀጥታ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። የቀረነው ጠዋት በስልካችን ቁርጥራጩን አይተን እንመጣለን። ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል።

ክርክሩ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። «30 ቡድን ምን ያደርጋል? ደካሞቹን አራት አምስቱን ማፍረስ ነው!» ይላል አንዱ። ሌላው ይቀበለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። አለመስማማቱስ ምንም አልነበረም፤ የሚያሳዝነኝ ግን በየሳምንቱ እነዚያኑ ስህተቶች መድገማችን ነው። እስቲ አንድ በአንድ ላንሳቸው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ማውረድንና ማፍረስን መቀላቀል

እኛ ያደግነው በእግር ኳስ ነው። ቡድን ሲደክም ይወርዳል፣ ሲበረታ ይመለሳል። ደሴ ከተማ ወይም ወሎ ኮምቦልቻ አንድ ዓመት ቢከፋው ደጋፊው ይናደዳል እንጂ ቀብር አይቀመጥም። ስለዚህ «ይውጡ» ስንል በሐሳባችን ያለው ወራጅ ቀጠና ነው።

ኤንቢኤ ግን የሚወረድበት ሊግ የለውም። ጂ ሊግ የሚባል አለ፤ እሱ ተጫዋች ማሳደጊያ ነው፣ ሻምፒዮኑም ወደ ላይ አያድግም። እዚያ «ማስወጣት» ማለት መዝጋት ነው። ስሙ ይጠፋል፣ ሠራተኛው ይበተናል፣ ተጫዋቾቹን ሌሎቹ ይከፋፈሏቸዋል። መመለሻ የለውም።

በአንድ ዓመት ሰንጠረዥ መፍረድ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው።

ከልጆቹ አንዱ ሁልጊዜ የዲትሮይት ፒስተንስ ማሊያ ለብሶ ይመጣል። ቡድኑን መርጦ አልነበረም። እናቱ ሰኞ ገበያ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ፈልፍለው ያወጡለት ነው። ሰማያዊ ነው፣ ከጀርባው ያለው ቁጥር ግማሹ ተልጧል። ማሊያው ቡድኑን አስመረጠው።

ከዚያ 2023 መጣ። ዲትሮይት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ በተከታታይ 28 ጨዋታ ተሸነፈ። በአንድ የውድድር ዓመት ውስጥ ይህን ያህል በተከታታይ የተሸነፈ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። ጓደኞቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት «ስንት ደረሰ?» ይሉታል። 20። 21። 22። እሱ አይመልስም። ኳሷን ይዞ መረብ ወደሌለው ሪንግ ይሄዳል። እኔም «አብሽር፣ ያልፋል» እለዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ግን ጠጋ አለኝና «ጋሼ፣ ቢያፈርሱት አይሻልም?» አለኝ። ይህን ያለኝ የገዛ ደጋፊው ነው። አንጀቴን በላኝ።

ዲትሮይት ያን ዓመት 14 አሸንፎ፣ 68 ተሸንፎ ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት 44 ጨዋታ አሸንፎ ፕሌይኦፍ (ለዋንጫ የሚፋለሙበት ዙር) ገባ። ያኔ በታኅሣሥ ብርድ የፈረድንበት ቡድን ይሄ ነበር። ደግሞም በ1989፣ በ1990 እና በ2004 ዋንጫ የበላ ቡድን ነው።

ሚልዋኪንም እንይ። በ2013–14 የውድድር ዓመት 15 አሸንፎ 67 ተሸነፈ፤ ከሊጉ የመጨረሻው ነበር። በዚያው 2014 በ550 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በዚያ የተሰባበረ ቡድን ውስጥ ግን አዲስ ተጫዋቾች ለቡድኖች በሚመረጡበት ዓመታዊ ምልመላ በ15ኛ ተራ የተመረጠ ቀጭን የግሪክ ልጅ ነበር። ያኒስ አንቴቶኩንፖ ይባላል። በ2021 ሚልዋኪ ሻምፒዮን ሆነ። ሳን አንቶኒዮም በ1996–97 20 ብቻ አሸንፎ 62 ተሸንፎ ነበር። ደካማ ቡድን ቀድሞ የመመልመል ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ያ ውድቀት ቲም ደንካን የተባለውን ኮከብ አመጣለት፤ ከዚያ አምስት ዋንጫ ተከተለ።

«ትንሽ ከተማ አቅም የለውም» ማለት

ይሄ ሲነገር እኔን በተለይ ይከነክነኛል። የክፍለ ሀገር ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል። «እዚያ ማን ያያቸዋል?» የሚለው አነጋገር ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው ወሎ ያደገ ሰው ያውቀዋል።

ነገሩ በእውነታውም አይቆምም። አምስት ዋንጫ የወሰደው ሳን አንቶኒዮ ትልቅ የቴሌቪዥን ገበያ አይደለም። የ2025 ሻምፒዮን ኦክላሆማ ሲቲም አይደለም። በሌላ በኩል ኒውዮርክ ኒክስ ያን ሁሉ ሕዝብና ገንዘብ ይዞ በ2014–15 እና በ2018–19 ሁለት ጊዜ 65 ጨዋታ ተሸንፏል። ኒክስ ይፍረስ ያለ ሰው ግን ሜዳችን ላይ ሰምቼ አላውቅም። የቴሌቪዥኑ ብሔራዊ ውል በ2025 የጀመረ፣ ለ11 ዓመት የሚቆይና 76 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ነው። ይህ ገንዘብ ለ30ዎቹ እኩል ይከፋፈላል። በሜዳ መሸነፍ ሌላ፣ መክሰር ሌላ።

«ቡድን ሲቀንስ ጥራት ይጨምራል» ማለት

ይህን ሐሳብ ታዋቂው ተጫዋች ሌብሮን ጄምስም በ2010 ነካ አድርጎት ነበር፤ በ80ዎቹ አንድ ቡድን ውስጥ ብዙ ኮከብ ይገኝ ነበር ብሎ። ከቀናት በኋላ ቡድን ይፍረስ ማለቱ እንዳልሆነ ተናገረ። እውነት ነው፣ እስከ 1988 ድረስ ቡድኖቹ 23 ነበሩ። ያኔ ግን ተጫዋቾቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም አሜሪካውያን ነበሩ። ዛሬ ከአሜሪካ ውጪ ከ40 በላይ አገሮች ተጫዋች ይመጣል። ማሰሮው ሰፋ እንጂ ወጡ አልቀጠነም። ሁለት ቡድን ስትዘጋ ደግሞ 30 የሥራ ቦታ ነው የምትዘጋው። ሰርቢያዊው ኒኮላ ዮኪች በ2014 የተመለመለው 41ኛ ሆኖ ነው። ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ በሩ የሚዘጋበት እንዲህ ያለው ልጅ ነው።

«ኮሚሽነሩ ከፈለገ ይሰርዘዋል» ማለት

የሊጉ ኃላፊ ብቻውን ቡድን አይሰርዝም። በቤዝቦል ተሞክሯል። በ2001 የቡድን ባለቤቶች 28 ለ2 በሆነ ድምፅ ሁለት ቡድን ለማፍረስ ወሰኑ። በስም የሚነሱት ሚኔሶታ ትዊንስና ሞንትሪያል ኤክስፖስ ነበሩ። ሚኔሶታ የስታዲየም ኪራይ ውል ነበረበት። ዳኛው ውልህን ፈጽም፣ 2002ን ተጫወት አሉት። ተጫወተ። ያን ዓመት ምድቡን አሸነፈ! ሞንትሪያል ደግሞ በ2005 ወደ ዋሽንግተን ተዛወረና በ2019 የቤዝቦሉን ትልቁን ዋንጫ ወሰደ። ይፈርሳሉ ተብለው በስም ከተነሱት ሁለቱ አንዳቸውም አልፈረሱም።

ማፍረስ ርካሽም አይደለም። በ1976 ኤቢኤ የተባለው ተፎካካሪ ሊግ ሲከስም አራት ቡድኖቹ ወደ ኤንቢኤ ገቡ። የሴንት ሉዊሱ ቡድን ግን ሳይገባ ቀረ። ባለቤቶቹ በምላሹ ከአራቱ የቴሌቪዥን ገቢ ላይ ድርሻ ለዘላለም እንዲከፈላቸው ተዋዋሉ። ኤንቢኤ ከዚያ ውል ለመላቀቅ በ2014 ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ለ38 ዓመት ሜዳ ላይ ላልነበረ ቡድን!

በኤንቢኤ የመጨረሻው የፈረሰ ቡድን ባልቲሞር ቡሌትስ ነው፣ በ1954። ከዚያ ወዲህ ያየነው መዛወርን ነው። ሲያትል በ2008 ቡድኑን ለኦክላሆማ ሲቲ ያጣው እንዲህ ነው። ኒው ኦርሊንስ በ2010 ባለቤቱ ሲያቅተው ሊጉ ራሱ ገዛው፣ ከሁለት ዓመት በኋላም አትርፎ ሸጠው።

እውነተኛውን ቁጣ አለመስማት

የመጨረሻው ስህተት የእኔ ወገን ነው። «ይፍረሱ» የሚለው ሰው የሚያናድደው ነገር አለ። አንዳንድ ቡድን ሆን ብሎ ይሸነፋል፤ መጨረሻ ከሆነ ጥሩ ልጅ የመመልመል ዕድሉ ስለሚጨምር። ፊላደልፊያ በ2015–16 10 ብቻ ያሸነፈው በዚህ ስሌት ነው። ሌሊት እንቅልፉን ሰውቶ ጨዋታ ለሚያይ ሰው ይሄ ንቀት ነው። ሊጉ በ2019 ለመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች አንደኛ ሆኖ የመመልመል እኩል 14 በመቶ ዕድል ሰጠ። እኔ አይበቃም ባይ ነኝ። ቅጣቱ እንዲጠነክር የሚከራከር ካለ አብሬው እቆማለሁ።

ማሊያው ባለቤቱን ጠቦታል። አሁን የሚለብሰው ታናሽ ወንድሙ ነው። ጉልበቱ ድረስ ይወርድበታል። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ «አንተስ የማን ደጋፊ ነህ?» ሲለው ትንሹ አፉን አልከፈተም። ጀርባውን አዞረና የተላጠውን ቁጥር አሳየው።