አሮጌ የጭነት መርከብ ቆርጦ ሲቀጠል ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ጎንደር ብየዳ ቤት ቁጭ ብላችሁ የጎርጎራ የብረት ጀልባዎች ወሬ ከተነሳ «መሀሉን ቆርጠን አዲስ ላሜራ ብንቀጥልበት እኮ አዲስ ይሆናል» የሚል አይጠፋም። ሀሳቡ ልክ ነው፣ ትልልቅ የጭነት መርከቦችም እንዲህ ተሰርተዋል፤ ከኋላ ሞተሩና መሪው አለ፣ ላሜራውም ጎባጣ ስለሆነ እንደገና መስራቱ ውድ ነው፣ መሀሉ ግን ቀጥ ያለና ጭነት የሚጎዳው ስለሆነ እሱን ጥሎ ሌላ መቀጠል ያዋጣል። ግን ሰው የሚያልቅባቸው ስህተቶች አሉ።

ትልቁ ስህተት የተቀጠለውን እያዩ መርከቡን በሙሉ አዲስ ነው ማለት ነው። ማሪን ኤሌክትሪክ የሚባለው የአሜሪካ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1944 ነዳጅ ጫኝ ሆኖ ተሰራ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፊቱና ኋላው እንዳለ ቀርቶ መሀሉ ተቀየረና የድንጋይ ከሰል መጫን ጀመረ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1983 ቨርጂኒያ አጠገብ በማዕበል ሰጠመ፣ ከ34 ሰው 31 ሞተ። የጭነት ክፍሎቹ ክዳን ዝጎ ተበስቶ ነበር፣ ጥገናው ቀዳዳ መሸፈን ብቻ፣ የሚያንገበግበው ደግሞ ፍተሻ አልፏል ተብሎ ነው ሲሄድ የነበረው።

ሌላው በመዶሻ መትቶ ድምፁን ሰምቶ «ደህና ነው» ማለት። ቀለሙ ያማረ ላሜራ ከውስጥ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ውሃ የሚቋጠርበት ታችኛው ጥግ ላይ። በድምፅ ሞገድ ውፍረት የሚለካ መሳሪያ አለ፣ ጄል ቀብታችሁ ስታስጠጉት ሚሊሜትሩን ይነግራችኋል፤ 10 የነበረው 6 ከሆነ ያ ላሜራ ተቆርጦ ይወጣል እንጂ አዲስ አይበየድበትም። በላዩ ሌላ መለጠፍም ለጊዜው ውሃ ያቆማል፣ ግን በሁለቱ መሀል እርጥበት ገብቶ ሳይታይ ይጨርሰዋል።

የድሮ ብረት ሁሉ እንደ ዛሬው አይደለም። ስኬኔክታዲ የምትባለው ነዳጅ ጫኝ ጃንዋሪ 1943 ገና አዲስ ሆና ወደብ ላይ እንደቆመች ለሁለት ተሰንጥቃለች፣ የዛን ጊዜ ብረት ብርድ ላይ እንደ ሸክላ ይሰበር ነበር። ስለዚህ ከአሮጌው ናሙና ቆርጦ ሳያስመረምሩ መበየድ ቁማር ነው። የጭነት በሩንም ጥግ በካሬ አትተዉት፣ ስንጥቅ ከዛ ነው የሚጀምረው፣ ክብ አድርጉት።

7018 የሚባለው የብየዳ ዘንግ (ኤሌክትሮድ) ከፓኬት ወጥቶ ካደረ መድረቂያ ምድጃ ሳይገባ አትጠቀሙበት፣ እርጥበቱ ብየዳው አጠገብ ከሰአታት በኋላ ስንጥቅ ያመጣል። ከተቀጠለ በኋላ ደግሞ ክብደቱም ሚዛኑም ይቀየራል፣ በድሮው የጭነት ልክ ወረቀት መጫን አይቻልም፣ የማዘንበል ሙከራ (ክብደት ወደ ጎን አዛውሮ ምን ያህል እንደሚያዘነብል መለካት) እንደገና ይሰራ።

ለጣና የሚሰራ ከሆነ ላሜራው ላይ የሚታሰረውን፣ በላሜራው ፋንታ እራሱ የሚበላውን የዝገት መከላከያ ብረት ዚንክ አታድርጉ፣ እሱ ለባህር ነው፣ ጨው በሌለው ውሃ ማግኒዥየም ነው የሚሰራው።